አንዲት የ13 ዓመት የሜዳ ቴኒስ ተጫዋች ስፖንሰር ማድረግ እፈልጋለሁ፤ ምከሩኝ

ነጋዴው ከሳር ቤት፦

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ የቢሮ ዕቃ የሚሸጥ መካከለኛ ድርጅት አለኝ። ልጄ የሜዳ ቴኒስ በሚማርበት ቦታ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ትሠለጥናለች። እኔ የቴኒስ ሰው አይደለሁም። ግን የዚህችን ልጅ ችሎታ ለማየት አዋቂ መሆን አያስፈልግም። በዕድሜ የሚበልጧትን ወንዶች በተደጋጋሚ ታሸንፋለች። ስትሸነፍ ደግሞ አታኮርፍም፤ አሰልጣኟ ጋ ሄዳ የት ላይ እንደተበለጠች ትጠይቃለች። አባቷ ሹፌር ነው። እናቷ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤት ታስረክባለች። አሰልጣኙ እስካሁን አንድ ብር አልተቀበላቸውም።

ድርጅታችን በየዓመቱ ለማስታወቂያ የሚመድበው ገንዘብ አለ። አብዛኛው ለቢልቦርድና ለባዛር ነው የሚሄደው። ከእሱ ላይ ቀንሼ ይህችን ልጅ ስፖንሰር ላድርግ ብዬ አሰብኩ። የፋይናንስ ኃላፊያችን «ድርጅቱ ምን ያገኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔም የራሴ ጥያቄዎች አሉኝ። ገንዘቡ ምን ላይ ቢውል ነው ልጅቷን የሚጠቅማት? ለስንት ጊዜ? ከልጅ ቤተሰብ ጋር ውል ሲደረግ ምን መጠንቀቅ አለብኝ? በዚህ ያለፈ ወይም የሚያውቅ ሰው ካለ በቅንነት ይንገረኝ።

ኳስ አቀባይ፦

ጋሼ፣ ይህን ስላሰቡ ብቻ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ አሰልጣኝ ነኝ። የጀመርኩት በኳስ አቀባይነት ነው። እዚህ አገር ብዙዎቻችን እንደዚያ ነን። ደንበኞች ሲጫወቱ ኳስ እያቀበልን፣ ሜዳው ባዶ ሲሆን በተውሶ ራኬት እየመታን ነው የተማርነው። ስለዚህ ከልቤ ነው የምነግርዎት።

በቱታና በራኬት አይጀምሩ። እኔ ያየኋቸው ድጋፎች አብዛኞቹ እንደዚያ ናቸው። ሁለት ራኬት ይሰጣል፣ ባነር ይዘረጋል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ ስልክ የሚያነሳ ሰው አይገኝም። ራኬቱ ጥሩ ነው፤ አልጠላም። ነገር ግን ልጅ በራኬት ብዛት አታድግም። የምታድገው በጨዋታ ብዛት ነው። እዚህ ያሉትን ልጆች ሁሉ ታውቃቸዋለች። ማን በግራ በኩል እንደሚደክም፣ ማን ሰርቪስ ላይ እንደሚደናገጥ በቃሏ ይዛዋለች። የሚያስፈልጋት የማታውቀውን ልጅ፣ በማታውቀው ሜዳ፣ ሰው በማይጮህላት ቦታ መግጠም ነው።

የዓለም አቀፉ ቴኒስ ፌዴሬሽን የታዳጊዎች ውድድር ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉ ነው። ደረጃው በቁጥር ይጠራል። ዝቅተኛው ጄ30 ነው። ከዚያ ጄ60፣ ጄ100 እያለ እስከ ጄ500 ይወጣል። ጄ30 ያሸነፈች ለደረጃዋ የሚቆጠር 30 ነጥብ ታገኛለች። የገንዘብ ሽልማት የለም። ታዳጊ ሲጫወት ወጪ ብቻ ነው። ለእኛ ቅርቡ ናይሮቢና ኪጋሊ ናቸው። ወጪው ትኬት፣ መኝታ፣ ምግብ፣ የመመዝገቢያ ክፍያ፣ ለራኬት ክር ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ አብሯት የሚሄድ ሰው ወጪ አለ። ስፖንሰሮች ሁልጊዜ የሚረሱት ይህንን ነው። የ13 ዓመት ልጅ ብቻዋን አትላክም።

ከሜዳው ውጪ ያለ ሰው የማይነግርዎትን አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሱ ይፈጥናል፣ ሩቅ ይሄዳል። የቴኒስ ሕግ ራሱ ከ1,219 ሜትር በላይ ላለ ቦታ ለየት ያለ ኳስ ይፈቅዳል። እኛ ግን የተገኘውን ነው የምንመታው። ውጤቱ ምን መሰለዎት? ልጅቷ እዚህ የኋላ መስመር ላይ የምታሳርፈው ኳስ ቆላ ስትወርድ አጭር ይቀራል። ተጋጣሚዋ ትገባበታለች። ይህንን የምታስተካክለው ውድድሩ ከመጀመሩ ጥቂት ቀናት ቀድማ ስትደርስ ነው። እነዚያ ጥቂት ቀናት የሆቴል ሒሳብ ናቸው። «ለምን በውድድሩ ዋዜማ አይሄዱም?» የሚል ስፖንሰር ልጅቷን ግማሽ መንገድ ላይ ነው የሚተዋት።

የኮተቤው ሯጭ፦

ቅር አይበላችሁ፣ እኔ የተለየ ሐሳብ አለኝ። በዚያ ገንዘብ ስንት ታዳጊ ሯጭ ጫማ ያገኛል? ቴኒስ ሜዳው ውድ፣ ዕቃው ከውጭ፣ ውድድሩ ከውጭ ነው። ሩጫ ቢያንስ አገር ውስጥ ውድድር አለው፣ ክለብ አለው። መቻል፣ ንግድ ባንክ፣ ኢትዮ ኤሌክትሪክ ለአትሌት ደመወዝ ይከፍላሉ። ገንዘብ ያለው ሰው ሥር ባለው ነገር ላይ ቢያውለው ይሻላል ባይ ነኝ።

ነጋዴው ከሳር ቤት፦

ወንድሜ፣ ሐሳብህን አከብራለሁ። ግን እኔ ስፖርት መርጬ አይደለም የመጣሁት። አንዲት ልጅ አይቼ ነው።

ከናይሮቢ፦

ሥራዬ ናይሮቢ ነው፤ እዚህ ቴኒስ እከታተላለሁ። ሯጩ ወንድማችን ያነሳው ነገር ኬንያ ውስጥም ይባል ነበር። «እኛ የሩጫ አገር ነን፣ ቴኒስ ምን ያደርግልናል» ይሉ ነበር። ከዚያ ግን የቴኒስ ተጫዋቿ አንጄላ ኦኩቶዪ መጣች።

ልጅቷ በፈረንጆች 2004 ናይሮቢ ተወለደች። መንታ ናት። እናቷ በወሊድ ጊዜ ሞተች፤ ሁለቱንም ያሳደገቻቸው አያታቸው ናት። አያትየው አንድ ትምህርት ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ልጅቷ ራኬት የያዘችው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። በ2022 መጀመሪያ አውስትራሊያ ላይ በታዳጊዎች ግራንድ ስላም (ከአራቱ የዓለም ትልልቅ የቴኒስ ውድድሮች አንዱ) ጨዋታ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ኬንያዊት ሆነች። በዚያው ዓመት ሐምሌ ዊምብልደን ላይ ከኔዘርላንዷ ሮዝ ማሪ ናይካምፕ ጋር የታዳጊ ሴቶችን የጥንድ ዋንጫ ወሰደች። ፍጻሜውን ያሸነፉት በመጨረሻው የነጥብ ፍልሚያ 11 ለ 9 ነው። ከተሸነፉት ሁለት ልጆች አንዷ ቪክቶሪያ ምቦኮ ናት፤ በ2025 ሞንትሪያል ላይ የትልልቆቹን ዋንጫ ያነሳችው ካናዳዊት። አንጄላ እንግዲህ ከእንደነዚህ ዓይነቶቹ ጋር ነው የተፋለመችው።

ለምን ይህን አነሳሁ? አያቷ ብቻዋን ዊምብልደን አላደረሰቻትም። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ከአራቱ ግራንድ ስላም ውድድሮች በሚሰበሰብ ገንዘብ እንደ እሷ ያሉ ልጆችን በቡድን ይዞ ያዞራል። አሰልጣኝ አብሮ ይሄዳል። ነገር ግን እዚያ ቡድን ውስጥ ለመግባት መጀመሪያ ነጥብ ያስፈልጋል። ነጥብ ለማግኘት ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ወጪ በአንድ ሰው መሸፈን አለበት። የሳር ቤቱ ወንድማችን ገንዘብ የሚገባው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ትልቅ ገንዘብ አይደለም፤ ግን ሌላ ማንም አይሞላውም። አንጄላ በኋላ አሜሪካ፣ ኦበርን ዩኒቨርሲቲ ገባች። በ2024 አክራ ላይ በአፍሪካ ጨዋታዎች ወርቅ አገኘች። በነገራችን ላይ ኢትዮጵያዊ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልገውም። ለጅምሩ ናይሮቢ ጥሩ ነው።

የማስታወቂያ ሰው፦

«ድርጅቱ ምን ያገኛል?» ለሚለው ልመልስ፤ ሥራዬ ነው።

በመጀመሪያ የማያገኘውን። የቴሌቪዥን ተመልካች አያገኝም። ጄ30 ውድድርን የሚያየው የተጫዋቾቹ ቤተሰብ ነው። ልብሷ ላይ የሚለጠፈው ምልክትም መጠኑ በደንብ የተወሰነ ነው፤ እንደ እግር ኳስ ማሊያ ደረት ሙሉ ስም አይጻፍም። ይህን ለፋይናንስ ኃላፊዋ ከአሁኑ ይንገሯት።

የሚያገኘው ስም ነው፤ ግን ቀስ ብሎ የሚመጣ ስም። ኪያን ልጥቀስ። በ2004 የመኪና ኩባንያው ኪያ ስፔን ውስጥ ከአንድ ጎረምሳ ጋር ተፈራረመ። ራፋኤል ናዳል ይባላል። ልጁ በዚያ ዓመት የግራ እግሩ አጥንት ተሰንጥቆ የፈረንሳዩ ግራንድ ስላም ሮላን ጋሮስ ላይ አልተጫወተም። አንድም ግራንድ ስላም አልነበረውም። ኪያም ያን ጊዜ የዛሬው ኪያ አልነበረም፤ ርካሽ መኪና የሚል ስም ነበረው። በቀጣዩ ዓመት ልጁ ሮላን ጋሮስን በላ። በጠቅላላው 14 ጊዜ አሸነፈው። ጉልበቱ ሲታመም፣ ለወራት ሲጠፋ፣ ኪያ አልለቀቀውም። ራኬቱን እስከሰቀለበት እስከ 2024 ድረስ 20 ዓመት አብረው ቆዩ። ዛሬ ሰው ኪያንና ናዳልን አብሮ ነው የሚያነሳው። ያንን ማስታወቂያ ብቻውን በገንዘብ መግዛት አይቻልም፤ በቆይታ ነው የተገኘው።

ለእርስዎ ድርጅት ደግሞ ዕቃ የሚገዙት ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ናቸው። «ይህችን ልጅ ከ13 ዓመቷ ጀምሮ የያዝናት እኛ ነን» ማለት ከቢልቦርድ የበለጠ በር ይከፍታል። ግን ማለት የሚችሉት በእርግጥ ከያዟት ብቻ ነው።

ባለ ራኬቱ፦

ናዳል ግን ለምሳሌ ይከብዳል። አጎቱ አሰልጣኙ ነበር፣ ቤተሰቡ የተደላደለ ነበር፣ ኪያ ባይመጣም ሌላው ይመጣ ነበር። ስለ ስፖንሰር ማወቅ የሚፈልግ ሰው የሕንዱን ሱሚት ናጋል ታሪክ ይመልከት። እኔ ስለዚህ ልጅ ሳስብ እስካሁን ያናድደኛል።

ናጋል በ10 ዓመቱ ነው የተመረጠው። ማሄሽ ቡፓቲ የሚባለው የጥንድ ጨዋታ ኮከብ፣ በአንድ ትልቅ ኩባንያ ስፖንሰርነት፣ እስከ 2018 ድረስ ለሕንድ የግራንድ ስላም ሻምፒዮን ለማፍራት ያለመ ፕሮግራም ጀምሮ ነበር። ልጆች ከአገሪቱ ሁሉ ተሰበሰቡ። ብዙም ሳይቆይ ፕሮግራሙ ተቋረጠ። ቡፓቲ ግን ይህንን አንድ ልጅ አልተወውም፤ ማገዙን ቀጠለ። ልጁ በ2015 ዊምብልደን ላይ የታዳጊ ወንዶችን የጥንድ ዋንጫ ወሰደ። ከ2017 ጀምሮ የክሪኬቱ ኮከብ የቪራት ኮህሊ ፋውንዴሽን ደገፈው። በ2019 ዩኤስ ኦፕን ላይ ታላቁን ሮጀር ፌደረርን ገጥሞ የመጀመሪያውን የጨዋታ ምዕራፍ (ሴት የሚባለውን) 6 ለ 4 ቀማው። ዓለም ስሙን ሰማ። ተሸነፈ እንጂ ያንን ምሽት የረሳው የለም።

አሁን እዚህ ላይ አስተውሉ። በመስከረም 2023 ይኸው ሰው በዓለም 159ኛ ሆኖ ባንክ ውስጥ ያለኝ 900 ዩሮ ነው አለ። በሕንድ አንደኛው ተጫዋች ነው እኮ! የዓመት ወጪው ወደ 10 ሚሊዮን ሩፒ ይጠጋል፤ ያውም አንድ አሰልጣኝ ብቻ ይዞ ሲዞር። የሽልማት ገንዘቡ፣ ተቀጣሪ ከሆነበት የነዳጅ ኩባንያ የሚያገኘው ደመወዝ፣ የፋውንዴሽን ድጋፉ ሁሉ እዚያው ይገባል። ጀርመን የሚሠለጥንበት አካዳሚ የሚከፍለው አጥቶ የዓመቱን መጀመሪያ አገሩ ሆኖ ነው የተለማመደው። ያ ንግግር በጋዜጣ ከወጣ በኋላ ነው ድጋፍ የመጣለት።

ከአራት ወር በኋላ፣ ጥር 2024፣ አውስትራሊያ ኦፕን ላይ ማጣሪያውን አልፎ ገባ። በመጀመሪያው ዙር በውድድሩ ከጠንካሮቹ ተርታ 31ኛ ሆኖ የተመደበውን አሌክሳንደር ቡብሊክን በሦስት ተከታታይ ምዕራፍ አሸነፈ። ሕንዳዊ ወንድ በግራንድ ስላም ነጠላ እንዲህ ያለ ተጫዋች ሲያሸንፍ በ35 ዓመት የመጀመሪያው ነው። በሁለተኛው ዙር ቢሸነፍም 180 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ይዞ ወጣ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 68ኛ ደረሰ።

ችሎታው በ2019ም ነበር፣ በ2023ም ነበር። የጎደለው በመሃል ያሉትን ዓመታት የሚሸፍን ሰው ነው። ሁሉም ሰው ለ10 ዓመት ልጅ ፎቶ ይነሳል። ሁሉም ሰው ፌደረርን ላስጨነቀ ሰው ያጨበጭባል። በመሃል ያለው ቻሌንጀር የሚባለው ከትልልቆቹ ዝቅ ያለ ውድድር፣ የአውቶቡስ ጉዞ፣ የጉዳት ወር ባለቤት የለውም። ስለዚህ ጋሼ፣ አቅምዎ ለአንድ ዓመት ትልቅ ገንዘብ ወይም ለአምስት ዓመት ትንሽ ገንዘብ ከሆነ፣ እባክዎ ሁለተኛውን ይምረጡ።

ሳሚ ቢዝነስ፦

አንድ ጥያቄ አለኝ። ለምን እንደ ኢንቨስትመንት አይታይም? ወደፊት ከምታገኘው ሽልማት ላይ ለምሳሌ 20 በመቶ ለድርጅቱ ቢባል ሁለቱም ይጠቀማሉ። ስፖንሰሩም የበለጠ ይተጋል።

ባለ ራኬቱ፦

ሳሚ፣ ቁጥሩን ልንገርህ፤ ከዚያ አንተው ፍረድ። በወንዶች ዝቅተኛው የባለሙያ ውድድር ኤም15 ይባላል። የሁሉም ተጫዋች ሽልማት ተደምሮ 15 ሺህ ዶላር ነው። ሳምንቱን ሙሉ ተጫውቶ ያሸነፈው 2,160 ዶላር ያገኛል። በመጀመሪያው ዙር የተሸነፈው 156 ዶላር። ከዚያ ላይ ግብር ይቆረጣል። ትኬትና ሆቴል አልቆጠርኩም። የሴቶቹም ከዚህ አይርቅም። ተጫዋች እዚያ ደረጃ ላይ ዓመታት ይቆያል። ከዚህ ላይ 20 በመቶ ስትወስድ የምትቆርጠው ከትርፍ ሳይሆን ከሚቀጥለው ትኬት ነው።

የወንዶቹ ማኅበር ኤቲፒ ራሱ ችግሩን አይቶ ከ2024 ጀምሮ ዝቅተኛ የዓመት ገቢ ዋስትና አወጣ። በዚያ ዓመት እስከ 100ኛ ላለው 300 ሺህ ዶላር፣ እስከ 175ኛ 150 ሺህ፣ እስከ 250ኛ 75 ሺህ ነበር። ጥሩ ነው። ግን 251ኛው ምንም የለውም። እኛ የምናወራው ገና ነጥብ ስለሌላት ልጅ ነው።

የሕግ ሰው፦

በዚሁ ላይ ልቀጥል። እባክዎ መቶኛ የሚባል ነገር ውሉ ውስጥ አያስገቡ። የ13 ዓመት ልጅ ገና ያላየችውን ገቢ አስፈርሞ መውሰድ ሕሊናም ሕግም ፊት አያምርም። በቤተሰብ ሕጋችን 18 ዓመት ያልሞላው አካለ መጠን ያላደረሰ ነው። ውሉን የሚፈርሙት ወላጆቿ ናቸው፤ የሚፈርሙትም የእሷን ጥቅም ለመጠበቅ ነው።

እኔ ብጽፈው ውሉ አጭር ይሆናል። ለሁለት ዓመት፣ በስምምነት የሚታደስ። ድጋፉ ከማሸነፍና ከመሸነፍ ጋር አይያያዝም። ብትጎዳ፣ ሐኪም «አትጫወት» ባለበት ጊዜ ሁሉ ድጋፉ ይቀጥላል፤ ሕክምናውም ይካተታል። ድርጅቱ ማቋረጥ ከፈለገ የስድስት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ የተያዘ የውድድር ጉዞ ካለ ይጨርሳል። ቤተሰቡ ማቋረጥ ከፈለገ ግን የሚመልሰው ዕዳ የለበትም። ይህቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ቀላል ትመስላለች። ልጅቷ በ15 ዓመቷ «ሰለቸኝ፣ መማር እፈልጋለሁ» ብትል አባቷ ዕዳ ፈርቶ እንዳያስገድዳት የምትጠብቃት እሷ ናት።

ፎቶዋ የት የት እንደሚወጣ በጽሑፍ ይኑር። ትምህርት ቤቷና ሰፈሯ በማስታወቂያ ላይ አይጠቀስ። ወደፊት የአሜሪካ ኮሌጅ የምታስብ ከሆነ ደግሞ እዚያ ስለ ገንዘብና ስለ ወኪል የራሳቸው ደንብ አላቸው፤ ከመፈረም በፊት ይጣራ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦

ከሒሳብ ወገን ሁለት ነገር ልጨምር።

በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬ ሥርዓቱ ሲለወጥ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት በ1 ሚሊዮን ብር የተፈራረመ ስፖንሰር 17,500 ዶላር ገደማ ቃል ገብቶ ነበር ማለት ነው። ያው 1 ሚሊዮን ከዚያ በኋላ 10 ሺህ ዶላር አልሞላም። ስፖንሰሩ ቃሉን ጠብቋል፤ ልጁ ግን ውድድሩ ቀርቶበታል። የቴኒስ ወጪ ከሜዳ ኪራይና ከአሰልጣኝ ውጪ ከሞላ ጎደል በዶላር ነው። ስለዚህ ውሉ በብር መጠን አይጻፍ። በሥራ ይጻፍ። «በዓመት ይህን ያህል የውጭ ውድድር፣ ለሁለት ሰው ትኬትና መኝታ፣ ይህን ያህል የራኬት ክር፣ የአሰልጣኝ ወርሃዊ ክፍያ» ተብሎ። አቅም ካነሰ የውድድሩ ቁጥር ይቀነስ እንጂ የተገባው ቃል ግማሽ ላይ አይቁም።

ሁለተኛው ደረሰኝ ነው። ለወላጅ በእጅ የተሰጠ ገንዘብ መጽሐፍ ላይ አይቀመጥም። ትኬቱንና ሆቴሉን ድርጅቱ በራሱ ስም ይክፈል። አሰልጣኙን በውል ይክፈል። ማስታወቂያ ያለበት ስፖንሰርነትና ልገሳ በግብር በኩል አንድ አይደሉም፤ ልገሳ ገደብ አለው። ኃላፊያችሁ ይህን ለይታ እንድትይዘው ከአሁኑ ትግባበት። እሷ ከተሳተፈች ሥራው ይቀጥላል፤ ካልተሳተፈች በመጀመሪያው የበጀት ቅነሳ የሚሰረዘው ይህ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦

እኔ እንደ እናት ልናገር። ወንዱ ልጄ ቴኒስ ይጫወት ነበር። አንድ ድርጅት ይደግፈው ነበር፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም። ግን ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ ይደውሉና «ስንተኛ ወጣ?» ይላሉ። እንዴት ዋለ አይሉም። ልጄ ስልኩ ሲጮህ ክፍሉ መግባት ጀመረ። ቆይቶም ሆዴን አመመኝ እያለ ልምምድ መቅረት አመጣ። ዛሬ ራኬት አይነካም።

ወንድሜ፣ ልብህ ጥሩ እንደሆነ ከጻፍከው ያስታውቃል። ስለዚህ ይህን ብቻ አደራ። ውጤት የሚጠይቅ ሰው አንድ ይሁን፤ እሱም አሰልጣኟ ይሁን። አንተ ስትደውል ስለ ትምህርቷ ጠይቅ። ሴት ልጅ ናትና ደግሞ ስትጓዝ እናቷ ወይም ቤተሰቧ የሚያምናት ሴት አብራ ትሂድ። አሰልጣኙ የቱንም ያህል መልካም ሰው ቢሆን ይህ አይታለፍ። ወጪ ይጨምራል፤ አውቃለሁ።

ኳስ አቀባይ፦

እህቴ፣ በዚህ እንደ አሰልጣኝ መቶ በመቶ እስማማለሁ። ለእኛም ጥበቃ ነው።

ከሜሪላንድ፦

ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምጽፈው። ከእኛ ሰፈር ብዙም ሳይርቅ፣ ኮሌጅ ፓርክ ውስጥ፣ አንድ የታዳጊዎች ቴኒስ ማዕከል አለ። ፍራንሲስ ቲያፎ የወጣው ከዚያ ነው። አባቱ ከሴራሊዮን የመጣ ስደተኛ ነው። በ1999 ማዕከሉ ሲገነባ በግንባታ ሠራተኝነት ገባ፤ ሲያልቅ የጥገና ሠራተኛ አድርገው አስቀሩት። አባትና መንታ ልጆቹ በሳምንት ብዙ ሌሊት እዚያው በተሰጣቸው ቢሮ ውስጥ ያድሩ ነበር። ልጆቹ ሜዳው ባዶ ሲሆን ይመቱ ነበር። ማዕከሉም በነጻ አሠለጠናቸው። ፍራንሲስ በ2022 ዩኤስ ኦፕን ላይ ናዳልን አሸንፎ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ።

እዚህ ማንም ቼክ አልጻፈም መጀመሪያ ላይ። የተሰጠው የሜዳ ሰዓት ነው። የሳር ቤቱ ወንድማችን ከጉዞው ሌላ በሳምንት ቋሚ የሜዳ ሰዓት ቢከራይላት፣ ያውም በጠዋት ወይም ከትምህርት በኋላ፣ ትልቅ ነገር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሜዳ ያላቸው ሆቴሎችና ክለቦች ጥቂት ናቸው፤ ጥሩው ሰዓት የሚያዘው ከፍሎ ለሚጫወተው ነው። ኳስና ክር እኛ ከዚህ በሚመጣ ሰው ልንልክ እንችላለን። ጓደኞቼን አነጋግራለሁ።

ነጋዴው ከሳር ቤት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እያነበብኩ ማስታወሻ ይዣለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅ። የስፖርት ውርርድ ድርጅት ያለው ወዳጅ አለኝ። ነገሩን ስነግረው «ግማሹን እኔ ልሸፍን፣ ስማችን አብሮ ይውጣ» አለኝ። ገንዘቡ የአሰልጣኙን ጉዞ ይሸፍን ነበር። ምን ትላላችሁ?

ባለ ራኬቱ፦

አይሆንም። የቴኒስ የፀረ ሙስና ደንብ ተጫዋች ውርርድ እንዲያስተዋውቅ አይፈቅድም። አሰልጣኙም በደንቡ ውስጥ ነው። ቅጣቱ ከቴኒስ እስከ መታገድ ይደርሳል። ዝቅተኛዎቹ ውድድሮች ላይ ተጫዋቾችን «ይህን ጌም ልቀቅ» እያሉ በገንዘብ የሚያባብሉ አሉ፤ ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ቀልድ የለም። ወዳጅዎ በግሉ፣ ያለ ድርጅቱ ስም መርዳት ከፈለገ እንኳን የሕግ ሰው ይጠየቅ። እኔ ግን ባይነካ እመርጣለሁ።

የኮተቤው ሯጭ፦

በዚህ ላይ ከባለ ራኬቱ ጋር ነኝ። ቅድም የጻፍኩትንም ትንሽ ላስተካክል። ሩጫ ላይ ክለብ የሚከፍለው ወርሃዊ ደመወዝ ነው ብዙዎቻችንን ያቆየን። ጉዳት ሲመጣ ደመወዙ ይመጣል። ለልጅቷም እንደዚያ ያለ ነገር ቢኖር፣ ትንሽም ቢሆን በየወሩ ለምግቧና ለትራንስፖርቷ፣ ቤተሰቡ ይረጋጋል። እናቷ እንጀራ እየጋገረች ልጇን ለውድድር ለመሸኘት ሥራ ስትፈታ ያ ቀን ገቢ የለም።

ነጋዴው ከሳር ቤት፦

የወዳጄን ነገር ትቼዋለሁ። ዛሬ ከፋይናንስ ኃላፊያችን ጋር ተቀምጠን ነበር። የአንድ ቢልቦርድ ኪራይ ተሰርዟል። በእሱ ምትክ ለሁለት ዓመት፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ናይሮቢ ወይም ኪጋሊ፣ ለልጅቷ፣ ለእናቷና ለአሰልጣኙ፤ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ለልምምድ የሚሆኑ ቀናት ተጨምረው። በሳምንት ቋሚ የሜዳ ሰዓት። ለቤተሰቡ ወርሃዊ የምግብና የትራንስፖርት። ከአቅማችን በላይ እንዳይሆን ነው ጉዞውን ያሳነስነው። ሦስተኛውን ዓመት አሁን ቃል አልገባም፤ ግን ኃላፊያችን ራሷ በአምስት ዓመት ዕቅዱ ውስጥ መስመር ይዛለታለች። እሑድ ወላጆቿን ቤታቸው ሄጄ አነጋግራለሁ። ከዚያ በፊት ማዘጋጀት ያለብኝ ነገር አለ?

ኳስ አቀባይ፦

ጋሼ፣ ቤታቸው መሄድዎ በጣም ጥሩ ነው። ልጅቷም ትቀመጥ፤ ራሷም ትጠየቅ።

ሦስት ነገር ያጣሩ። የልደት ምስክር ወረቀት አላት ወይ? ከሌላት ከወረዳ ይጀመር፤ ያለ እሱ ፓስፖርት የለም። ፓስፖርት ለእሷም ለእናቷም ዛሬ ነገ ሳይባል ይመዝገብ፤ ብዙ ልጆች ትኬት ተገኝቶ ፓስፖርት ሳይደርስ ቀርተዋል። ሦስተኛው፣ ውድድር ለመመዝገብ አይፒን የሚባል የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን መለያ ቁጥር ያስፈልጋል። በኢንተርኔት ነው የሚወጣው። ኢሜይሉ የአባቷ ወይም የእናቷ ይሁን፤ የአሰልጣኝ ወይም የድርጅት አይሁን። ምዝገባው የሚዘጋው ውድድሩ ከመጀመሩ ሳምንታት ቀደም ብሎ ስለሆነ፣ ወረቀቱ ካለቀ እኔ የናይሮቢውን ቀን አይቼ እዚሁ እጽፍልዎታለሁ። አሰልጣኟን ካላወቅኩት ደግሞ ያገናኙን፤ የቆላው ኳስ ላይ አብረን እንሠራለን።